ከዓለም በአንድ ቀን ዘግይተን

ታኅሣሥ 30፣ 2016፣ ማክሰኞ

ዛሬ የእህቴ ጓደኛ ናዝሬት ቤታችን መጣች። እህቴ ሳሌሃ ከሞተች ወዲህ ስትመጣ ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ድሮ እንደ ቤቷ ዘው ብላ ነበር የምትገባው፤ አሁን ግን በር ላይ ቆማ እስክትጠራ ትጠብቃለች። እናቴ "ምን ያቆምሻል? በሩን ልትገዢው ነው?" ስትላት ነው የገባችው።

ከቦርሳዋ ጥቁር ሽፋን ያለው ወፍራም ደብተር አወጣች። ጽሑፉን ከሩቅ አወቅሁት። የሳሌሃ ፊደሎች ሁሉ ነፋስ እንደገፋቸው ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልጻፈው። ሁለቱ የትምህርት ቤታችንን ሚኒ ሚዲያ አብረው ነበር የሚሠሩት። ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ፣ "ዛሬ ምን ቀን ነው?" የሚል የሦስት ደቂቃ ዝግጅት አላቸው። ዓለም ለካ ለሁሉም ነገር ቀን አውጥቷል። የሽንት ቤት ቀን አለ። የሙዝ ቀን አለ። ቀኑን ይነግሩናል፣ አንድ የሚገርም ነገር ይጨምራሉ፣ ከዚያ "የዛሬ ሥራ" ብለው አንድ ነገር ያዙናል። እኛም እንሠራለን።

ዓመቱን ተካፍለውታል። እስከ ታኅሣሥ የናዝሬት፣ ከጥር አንድ ጀምሮ የሳሌሃ። ሳሌሃ ድርሻዋን ክረምት ላይ ታማ ተኝታ ጻፈችው፤ የቀኖቹን ዝርዝር የአጎታችን ልጅ ከወልቂጤ አትሞ ልኮላት ነበር። ከዚያ ደብተሩን ለናዝሬት ሰጠቻት። "ጥር ላይ መጥቼ እወስደዋለሁ፣ እኛ ቤት ካደረ ዑመይር ይሰርቀዋል" ብላት ነበር። ዑመይር እኔ ነኝ።

"ነገ ጥር አንድ ነው" አለችኝ ናዝሬት።

"እኔ ማይክ ፊት ቆሜ አላውቅም።"

"ታዲያ ተቀምጠህ አንብበው።"

ሃምሳ አንድ ገጽ አለው። እኔ አልቆጠርኩም፣ ናዝሬት ናት የነገረችኝ። የመጨረሻው ገጽ የካቲት 21 ነው፤ ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። ሽፋኑ ውስጥ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ "ቀኖቹን የቆጠርኩት ከግድግዳው ካሌንደር ነው። ስህተት ከተገኘ ካሌንደሩን ክሰሱ።"

ስለ ካሌንደሩ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ለራሴ ሕግ አወጣሁ፦ በቀን አንድ ገጽ ብቻ። ወደፊት መግለጥ የለም።

ጥር 1፣ ረቡዕ

ችኮላ ላይ ነኝ። ተቀምጬ ሳይሆን ቆሜ አነበብኩ። ድምፄ ደህና ነበር። የዛሬው፦ አሜሪካ ውስጥ የሚከበር የስታቲክ ኤሌክትሪክ ቀን። የዛሬ ሥራ፦ "እስክሪብቷችሁን ጸጉራችሁ ላይ ፈትጋችሁ ቁራጭ ወረቀት አንሡ። መላጣ የሆነ መምህር ከተማሪ ጸጉር መዋስ ይችላል።"

የሂሳብ መምህራችን መላጣ ናቸው። ከክፍላችን ልጅ ከዘይባ ሹሩባ ተዋሱ።

ጥር 8፣ ረቡዕ

"የምንም ቀን"። አንድ የአሜሪካ ጋዜጠኛ ሰዎች ምንም ሳያከብሩ የሚቀመጡበት አንድ ቀን ያግኙ ብሎ የፈጠረው ነው። የዛሬ ሥራ፦ "ለአንድ ደቂቃ ምንም አታድርጉ።" ሺህ ተማሪ ጸጥ አለ። ዳይሬክተሩ መብራት የጠፋ መስሏቸው ከቢሮ ወጡ። ማይኩን መታ መታ አድርገው "አሎ? አሎ?" ሲሉ ያ ሁሉ ሰው ፈነዳ።

ዳይሬክተሩ አልሳቁም። ሚኒ ሚዲያውን የሚመራው መምህር ተረፈ ግን ከባንዲራው እንጨት ጀርባ ተደብቆ ሲስቅ አይቼዋለሁ። እሱ ነው ይህን ማስታወሻ እንድጽፍ የመከረኝ። "በሳምንት ሦስት መስመር ይበቃል" ብሎኝ ነበር። አልፌዋለሁ።

ጥር 12፣ እሁድ

ሳሌሃ ቅዳሜና እሁድንም ጽፋለች። "ለቤት" ትላለች ከላይ። ዛሬ የፔንግዊን ቀን። ወንዱ ፔንግዊን የወደዳትን ሴት የሚያጫት ጥሩ ጠጠር መርጦ በመስጠት ነው። የዛሬ ሥራ፦ "እስከ ምሳ ድረስ እንደ ፔንግዊን ተራመዱ።"

ጀሪካን ይዤ ከቧንቧው እስከ ቤት እንደ ፔንግዊን ሄድኩ። ጓደኛዬ ኡበይድ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ "ኧረ ጀመዓ፣ ዑመይር ሱሪው ጠቦታል!" አለ። እናቴ አየችኝ። አልሳቀችም። ግን ማታ መኝታዬ ላይ አንድ ክብ ጠጠር አገኘሁ።

አባቴ አይደለም ያስቀመጠው። ጠይቄዋለሁ፤ "የምን ጠጠር?" ነው ያለው።

ጥር 15፣ ረቡዕ

የእጅ ጽሑፍ ቀን። የዛሬ ሥራ፦ "ስማችሁን በማትጽፉበት እጅ ጻፉ።" ሁሉም ሳቀ። የእኔ ስም በግራ እጄ ስጽፈው ወደ ቀኝ አዘነበለ።

ሌላ የምጽፈው የለም።

ጥር 23፣ ሐሙስ

የወደኋላ ቀን። መምህር ተረፈ ስም ከታች ወደ ላይ ጠራ። ሁሌ መጨረሻ የምትጠራው ዘይባ የመጀመሪያ ሆና ስትጠራ ተነሥታ እጅ ነሣች። ኡበይድ ሹራቡን የኋላውን ወደፊት አዙሮ ለብሶ ስለነበር አንገቱ ላይ የተሰፋው የፋብሪካ ምልክት አገጩ ሥር ቆሞ ቀኑን ሙሉ ሲያሳክከው ዋለ።

ቀላል ነው፣ ይህን ሥራ ወድጄዋለሁ። ሳሌሃ ብታየኝ "ማይኩን አትብላው፣ ከአፍህ ራቅ አድርገው" ትለኝ ነበር።

የቀሩትን ገጾች አልቆጥርም። (ሃያ ስምንት።)

የካቲት 3፣ እሁድ

የጥራጥሬ ቀን! የዛሬ ሥራ ለቤት፦ "ዓይን ጨፍኖ ጥራጥሬን በጣት መለየት። ነጋዴ ካለ አይሳተፍ፣ ያጭበረብራል።"

ነጋዴው አባቴ ነው። በርበሬና እህል ይሸጣል። "ሃያ ሁለት ዓመት! እኔ ሸምሶ ሽምብራ ከአተር አልለይም?" ብሎ ተቆጣና መጀመሪያ እሱ ካልሆነ አለ። እናቴ በነጠላዋ ዓይኑን አሰረችው። ሰሃን ላይ ምስር፣ ሽምብራ፣ አተርና ባቄላ አቀረብኩለት። ባቄላውን አወቀ። ምስሩን አወቀ። ከዚያ አንዱን አንሥቶ አሸ፣ አሸተተ፣ በጥርሱ ነካው፣ "የኢነቆር አገር አተር ነው፣ ወላሂ በማምነው" አለ።

የእናቴ የሹራብ ቁልፍ ነበር። ምን ጊዜ እንደጨመረችው እኔም አላየሁም።

እናቴ ሳቀች። አፏን በእጇ ይዛ፣ ከዚያ እጇን ለቅቃ ሳቀች። አባቴ ነጠላውን ሳይፈታ ፊቱን ወደ ድምፁ አዙሮ ተቀመጠ። ነጠላውን ለመፍታት ምንም አልቸኮለም።

የካቲት 6፣ ረቡዕ

አለቀልኝ።

ጠዋት ወደ ማይኩ ስሄድ ግማሹ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ቀይ ነገር አድርጓል፤ ቀይ ሻሽ፣ ቀይ ካልሲ፣ አንዱ ቀይ የውሃ ኮዳ። አልገባኝም። "ዛሬ ምን ቀን ነው?" ብዬ ጮህኩ እንደ ሁልጊዜው።

"ቫለንታይን!" አሉ በአንድ ድምፅ።

ደብተሩን አየሁ። "ዛሬ የዓለም የሬዲዮ ቀን ነው" አልኩ።

እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። አንዱ ስልኩን ከፍ አድርጎ "የሬዲዮ ቀን ትናንት ነው! ትናንት!" አለ። ሌላው "ሰውዬው ትናንት ላይ ቀርቷል!" ኡበይድ እንኳ፣ የኔ ኡበይድ፣ በእጁ አፉን ጋርዶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሕጌን ጥሼ አንድ ገጽ ወደፊት ገለጥኩ። የካቲት 7፦ የፍቅረኞች ቀን። በሷ ቆጠራ ነገ ነው።

ከዚያ ወደኋላ እየሄድኩ ከናዝሬት ስልክ ጋር አስተያየሁት። የጥራጥሬ ቀን በአንድ ቀን አልፎን ነበር። የወደኋላ ቀን በአንድ ቀን። የፔንግዊን ቀን በአንድ ቀን። ከጥር አንድ ጀምሮ በሙሉ ከዓለም አንድ ቀን ዘግይተን ስናከብር ነበር፤ ማንም አላወቀም፤ ምክንያቱም የፔንግዊንን ቀን የሚጠብቅ ሰው ቡታጅራ ውስጥ የለም። ቫለንታይንን ግን ሁሉም ይጠብቃል።

ናዝሬት ድንገት ግንባሯን መታች። "ለካ ለዚህ ነው ገና ዘንድሮ ታኅሣሥ 28 የዋለው! ሌላ ጊዜ 29 ነው። ጳጉሜ ስድስት ስትሆን እኮ ቀኑ ይገፋል። ሳሌሃ የአምናውን ካሌንደር ነው ያየችው።"

"ይሆናል" አልኳት።

"የዘንድሮው አልነበራትም?"

"እኔ ምን አውቃለሁ?" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ደንግጣ አየችኝ።

የካቲት 7፣ ሐሙስ

የፍቅረኞችን ቀን በማግስቱ አነበብኩ። "ትናንት! ትናንት!" እያሉ አጨበጨቡ። አሁን ስሜ ትናንት ነው። የአምስተኛው ክፍለ ጊዜ መምህር ጥያቄ ጠይቀውኝ ሳስብ ኡበይድ ከኋላ "ታገሡት ቲቸር፣ ነገ ይደርሳል" አለ።

ከትምህርት በኋላ አባቴ ሱቅ ሄድኩ። ከቆሼ ከተማ አዲስ በርበሬ ስለገባ ሰው ገና በሩ ላይ ነው ማስነጠስ የሚጀምረው። አባቴ በዚህ ወር ውስጥ ከሒሳብ ይልቅ የሚያወራው "ይማርህ፣ ይማርሽ፣ የርሐሙከላህ" ነው። እዚያ ገብታ የማታስነጥስ አንድ ሰው ብቻ ነበረች።

ካሌንደሩ ከሚዛኑ በላይ ተሰቅሏል። ትልቁ ቁጥር የእኛ፣ ትንሹ የፈረንጅ። በጣቴ ተከተልኩት። ልክ ነው፣ አንድ ቀን።

"ምን ትፈልጋለህ?" አለ አባቴ።

"ያለፈችው ጳጉሜ ስድስት ነበረች?"

አባቴ ከማዳበሪያው ላይ በርበሬ እያነሣ ወደ ማዳበሪያው ሲመልስ ቆየ። "ስድስት ነበረች" አለ። "አራተኛዋ ቀን ነው የቀበርናት። ስድስተኛዋ ቀን ሰደቃ ነበር።"

እንግዲህ እንዲህ ነው። ያቺ ቀን ስትመጣ ሳሌሃ አልነበረችም። ያልደረሰችባትን ቀን ባትቆጥራት ምን ይገርማል?

ይህን ጽፌ ደስ አለኝ። ጥሩ ምክንያት ነው። ግን ሙሉው አይደለም፣ እኔ አውቀዋለሁ።

የካቲት 8፣ ዓርብ

ዳይሬክተሩ ጠሩን። "ትምህርት ቤት የተሳሳተ ቀን በማይክ አይነግርም። ከሰኞ ጀምሮ ይስተካከል። ካልሆነ ማይኩን ለዘጠነኛ ክፍሎች እሰጣለሁ፣ ጥያቄና መልስ ይሠሩበታል።"

መምህር ተረፈ በሩ ላይ "ቀላል ነው፣ ሰኞ ሁለት ገጽ በአንዴ አንብብና ከዓለም ጋር እኩል ሁን" አለኝ።

"አይሆንም።"

"ለምን?"

ደብተሩን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወጣሁ። ናዝሬት ግቢው መሃል ተከትላ ደረሰችብኝ። "ስሟ በተነሣ ቁጥር እንዲስቁባት ትፈልጋለህ? እኔ አልፈልግም! አስተካክለው!"

"የሷን ደብተር አልነካም።"

"ዑመይር፣ አንድ ገጽ እኮ ነው።"

አንድ ገጽ አይደለም። አንድ ገጽ ማለት አንድ ጠዋት ነው። በየጠዋቱ ከቁርስ በፊት ያልሰማሁትን ትነግረኛለች። ሁለቱን በአንድ ቀን ካነበብኩ አንድ ጠዋት ቀድማ ዝም ትላለች። ይህን ለናዝሬት አልነገርኳትም። "አይገባሽም" ብያት ሄድኩ። ከእኔ በላይ የሚገባት እሷ ናት። ያሳፍራል።

አሥራ ሦስት ቀሩ።

የካቲት 10፣ እሁድ

የደግነት ቀን፣ ለቤት። "ለአንድ ሰው ሳያውቅ ደግ ነገር ሥሩለት።" የእናቴን ጫማ አጠብኩ። ቆዳ ነው ለካ። እናቴ "ማነው ደግ የሆነብኝ?" እያለች ቀኑን ሙሉ ፈለገችኝ።

ጫማውን ፀሐይ ላይ እየገለበጥኩ ሳለ አንድ ነገር መጣልኝ። ሳሌሃ የጻፈችው ሁሉ ልክ ነው። ፔንግዊኑ ልክ ነው፣ ምስሩ ልክ ነው። የተሳሳተው "ዛሬ" የሚለው ብቻ ነው።

የካቲት 11፣ ሰኞ

"እንደምን አደራችሁ!" አልኩ። "ይህ ዝግጅት ከዛሬ ጀምሮ ስሙ ተቀይሯል። 'ትናንት ምን ቀን ነበር?' ይባላል። ዓለም ትናንት አክብሮ ደክሞት ተኝቷል። እኛ ደግሞ አድረን፣ አስበንበት፣ ቁርሳችንን በልተን እናከብራለን። ትናንት እባላለሁ፣ አንባቢያችሁ ነኝ።"

ከዚያ ጭብጨባ፣ ፉጨት። ከኋላ "ትናንት! ትናንት!" ይሉ ነበር፤ ግን እንደ ሐሙሱ አልነበረም።

ዳይሬክተሩን አየሁ። ዳይሬክተሩ መምህር ተረፈን አዩ። መምህር ተረፈ "ስህተት የለበትም እኮ፣ የትናንት ዜና ነው። ጋዜጣስ ይኸው አይደል?" አለ። ዳይሬክተሩ ጢማቸውን አሹ። "እስከ ወሩ መጨረሻ" አሉ።

ናዝሬት አላናገረችኝም። ግን ስታልፍ የማይኩን ሽቦ ከእግሬ ሥር አንሥታ አስተካከለችልኝ።

የካቲት 14፣ ሐሙስ

ትናንት የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ነበር። የዛሬ ሥራ፦ "ለጎናችሁ ልጅ በእናታችሁ ቋንቋ ደህና አደርክ በሉት። እሱ በእናቱ ቋንቋ ይመልስ።" የመስቃን ነበር፣ የሶዶ ነበር፣ ስልጥኛ ነበር፣ ማረቆኛ ነበር፣ ኦሮምኛ ነበር። ሰልፉ እንደ ቅዳሜ ገበያ ሆነ። መምህር ተረፈ በክስታኒኛ፣ በሶዶዎቹ ቋንቋ፣ ሰላም ሲለኝ በመስቃን መለስኩለት፤ ሁለታችንም ግማሹን ነው የሰማነው።

ኡበይድ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ በራሱ መንገድ። "ትናንት ስለሳቅኩብህ ዛሬ አዝኛለሁ" አለኝ። "ነገ ይቅር እልሃለሁ" አልኩት።

የካቲት 17፣ እሁድ

ዛሬ ረዥም እጽፋለሁ።

የዛሬው ገጽ ሌላ ነው። "ለቤት። ለዛሬ ምንም ቀን አላገኘሁም። ደክሞኛልም። ራሳችሁ ፍጠሩ።" ፊደሎቹ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ያዘነብላሉ።

ምሳ ላይ ለእናቴና ለአባቴ አነበብኩላቸው። አባቴ "የእንቅልፍ ቀን ይሁን" አለ። እናቴ ጣቷን በጠረጴዛው ጨርቅ ላይ ስታዞር ቆየችና "የሳሌሃ ቀን ይሁን" አለች። "እያንዳንዳችን አንድ ነገር እንናገር። በዚህ ቤት ስሟ ከተጠራ ስንት ወሩ? ደብተር ብቻ ነው እንዴ የሚጠራት?"

አባቴ ጀመረ። ሰባት ዓመቷ ሳለ አንድ ደንበኛ "ይህ በርበሬ ያቃጥላል?" ብሎ ሲጠይቃት "ገንዘቡን መጀመሪያ ክፈልና ቅመስ" ያለችውን ነገረን። እናቴ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት የሆነውን ተናገረች። ሐኪሙ የሕመሟን ስም ሲነግሯት ሳሌሃ "እንደገና ይበሉት" አለቻቸው፤ ሲደግሙት "እንደገና"፤ በሦስተኛው እሳቸውም ተሳስተው ሁሉም ሳቁ።

ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ።

ነገርኳቸው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ሳሌሃ ደብተሩን ይዛ ተቀምጣለች። "ዑመይር፣ አባዬ ሱቅ የአዲሱ ዓመት ካሌንደር መጥቷል አሉ፣ ሂድና አምጣልኝ፤ ይሄ የሚያልቀው ዓመት ነው፣ ቀኑ ይዛባብኛል" አለችኝ። ኳስ ይዤ በር ላይ ነበርኩ። "ነገ" አልኳት። በማግስቱም ጠየቀችኝ። "ነገ።" ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀችኝም። የአምናውን ተጠቀመች። ልጆቹ የሚስቁበት ስህተት የሷ አይደለም፣ የእኔ ነው። ሱቁ ከቤታችን የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው።

አቀርቅሬ ስለነበር ማን መጀመሪያ እንደተንቀሳቀሰ አላየሁም። የእናቴን ድምፅ ሰማሁ።

"እሷስ? ውኃ ቅጂ ስላት ስንቴ ነው ነገ ያለችኝ?"

"እኔ የኩሽናውን በር ነገ እሠራዋለሁ ያልኩት መቼ ነበር?" አለ አባቴ።

"ሦስት ዓመቱ" አለች እናቴ። "ከማን ወረሳችሁት ብዬ ነበር። ና ወደዚህ።"

ሄድኩ። ትልቅ ሰው ነኝ፣ በጥር አሥራ ሰባት ዓመት ሞላኝ። ቢሆንም ሄድኩ።

ማታ አባቴ መዶሻ ፈልጎ የኩሽናውን በር ሠራ። ጠማማ ነው የሠራው። አሁን አይዘጋም፣ ከመጀመሪያው ይከፋል። እናቴ ግን አንድም ነገር አላለችውም።

የካቲት 18፣ ሰኞ

ለናዝሬትም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "እኔ ደግሞ ደብተሩ አራት ወር እኔ ጋ ሲቀመጥ አንድ ቀን ገልጬ ቀኑን አላየሁም፤ ከከፈትኩት ሳሌሃ ልትወስደው አትመጣም ማለት መሰለኝ" አለች። ሁለታችንም ማስቲካ አኘክን።

የካቲት 20፣ ረቡዕ

ትናንት የዋልታ ድብ ቀን ነበር። ከነጩ ጸጉር ሥር ቆዳው ጥቁር ነው። ሁሉም "ውሸት!" አለ።

አንድ ገጽ ቀረ። ነገ አላነብም ልል አሰብኩ። አሞኛል ብል ማን ያውቃል? እናቴ ታውቃለች።

የካቲት 21፣ ሐሙስ

ዛሬ ከቁርስ በፊት ደብተሩን አልከፈትኩትም። ማይኩ ፊት ቆሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሕዝቡ እኩል ልሰማት ወሰንኩ።

"ትናንት ምን ቀን ነበር?" አልኩ። ገጹን ገለጥኩ።

"ሰላም፣ ሳሌሃ ነኝ" ይላል። በሌሎቹ ገጾች ስሟን ጽፋ አታውቅም። "ዛሬ ብዙ ሰው የማያውቃቸው፣ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያማቸው ብርቅ ሕመሞች ቀን ነው። እኔም አንድ አለኝ። ስሙ ለማይክ አይመችም። የሚገርመው ነገር፦ ቀኑን መጀመሪያ ያከበሩት ፌብሩዋሪ 29 ላይ ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ብቅ የሚል ብርቅ ቀን ስለሆነ። እሱ በሌለበት ዓመት የወሩ መጨረሻ ቀን ላይ ይከበራል..."

"ቆይ" አለ መምህር ተረፈ።

ማንም ማይክ ላይ ያለን ሰው አቋርጦ አያውቅም። ስልኩን ዓይኑ ሥር አድርጎ ወደ እኔ መጣ። "ቆይ፣ ቆይ። ዛሬ ስንት ነው በነሱ? ዛሬ እኮ ፌብሩዋሪ 29 ነው!" ማይኩ ሁሉንም አሰማ። "ትናንት አይደለም ዑመይር። ዛሬ ነው። ልክ ናት!"

አየሁት። ልክ ናት። ያቺ አራት ዓመት ጠብቃ የምትመጣ ቀን ዘንድሮ ነበር ተራዋ። ፈረንጆቹም የራሳቸውን ጳጉሜ ስድስት ጨምረው ሳሌሃ ላይ ደርሰዋል። አንድ ቀን ቆመው ጠበቋት።

አንድ ሰው ከሰልፉ መሃል "ዛሬ!" አለ። ኡበይድ ነው። ሌላው ተቀበለ። "ዛ-ሬ! ዛ-ሬ!" ግቢው ተንቀጠቀጠ። ዳይሬክተሩ ከቢሯቸው ወጡ፤ አልተቆጡም። ናዝሬት መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ እያለቀሰች ትስቅ ነበር።

ዝም እስኪሉ ጠበቅኩና ቀሪውን አነበብኩ።

"የዛሬ ሥራ፦ ሁላችሁም ብርቅ ነገር አላችሁ፤ ለጎናችሁ ልጅ አሳዩት። የእኔን ልንገራችሁ፦ አባቴ በርበሬ ሱቅ ገብቼ የማላስነጥስ ብቸኛዋ የቡታጅራ ልጅ ነኝ። ሕመሙን እርሱት፣ ይህን አስታውሱልኝ።"

ያለው ይኸው ነው። ከዚህ በታች ባዶ ነው።

ከዚያ የሆነውን ማን ያምናል? ኡበይድ ጆሮውን እንደ አህያ አንቀሳቀሰ። ዘይባ ምላሷን አፍንጫዋ ላይ አደረሰች። መምህር ተረፈ አውራ ጣቱን ወደኋላ አጥፎ ክንዱ ላይ አስነካ፣ ሁለት ሴት ልጆች ጮኹ። ዳይሬክተሩ ጮክ ብለው፣ ያለ ማይክ፣ እንደ ዶሮ ጮኹ። እውነተኛ ዶሮ ከጎረቤት መለሰላቸው።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ዘገየ።

የካቲት 22፣ ዓርብ

ደብተሩ ላይ በባዶው ገጽ የመጀመሪያውን በራሴ እጅ ጻፍኩ። በፈረንጆቹ ማርች 1፣ ሰውን በመልካም ቃል የማድነቅ ቀን። የዛሬ ሥራ፦ "አንድ ሰው ላይ ያያችሁትን ጥሩ ነገር ፊት ለፊት ንገሩት።" የዝግጅቱን የድሮ ስም መለስኩ። ናዝሬት "ማይኩን አልበላኸውም" አለችኝ። አድናቆቷ ይኸው ነው።

ከጁምዓ በኋላ አባቴ ሱቅ ገባሁ። ላለማስነጠስ ትንፋሼን ይዤ እስከ ሚዛኑ ደረስኩ። አልቻልኩም። "የርሐሙከላህ" አለ አባቴ፣ ቀና ሳይል።

ትንሹን ቁጥር ተከተልኩት። ከዛሬ ጀምሮ የአምናውና የዘንድሮው እኩል ናቸው። ከዛሬ ጀምሮ ዓለም በሳሌሃ ቆጠራ ይሄዳል፤ የሚቀጥለው ባለ ስድስት ቀን ጳጉሜ እስኪመጣ።

"ይህን ልውሰደው?" አልኩት።

አባቴ ካሌንደሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ ከምስማሩ አወረደልኝ።

ቤት እስክደርስ አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ። ከአልጋዋ በላይ፣ የአምናው በነበረበት ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ትንሽ የበርበሬ ብናኝ ነበረበት። አራገፍኩትና አስነጠሰኝ።

ይኸው ሳሌሃ፣ አመጣሁት።